ስለ ንጉሥ ቤት መሥራቾች፤ የበርማው አላውንግፓያና የቋራው ካሣ

በዓለም ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገሥታት ይገኛሉ። አንደኛው ዙፋኑን ከአባቱ የተረከበ ነው፤ ሁለተኛው በአባቱ ቤት ዙፋን ሳይኖር በክንዱና በብልሃቱ ዙፋን ላይ የወጣ ነው። ይህም ሁለተኛው ዘውዱን ለልጆቹ አውርሶ ካለፈ የንጉሥ ቤት መሥራች ይባላል። ነገር ግን ዙፋን መያዝና ቤት መሥራት አንድ ሥራ አይደሉም። ዙፋን የያዘው ሰው ኃይል በሕይወቱ ሳለ ይታያል፤ ቤቱ መቆሙ ግን የሚታወቀው እርሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

በገንዳ ውሃ፥ በመተማና በቋራ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ነገር ከሩቅ የመጣ ትምህርት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ የወጡት ከዚሁ ቈላ ነውና፥ ልጆቹ ስለ እርሳቸው ጀግንነት ከትምህርት ቤት በፊት በቤታቸው ይሰማሉ። ስለ ድሉና ስለ መቅደላው ሽጉጥ የማይነግር ሽማግሌ የለም። ሳይጠየቅ የሚያልፈው ግን ይህ ነው፤ ከኅዳር 1845 እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም. ባለው ጥቂት ጊዜ መሳፍንቱን ሁሉ ድል የነሣ ሰው ለምን ከዘሩ አንድ ንጉሥ እንኳ ሳያስቀር አለፈ? ይህን ለመመርመር በአነሣሡ የሚመስለውን፥ በፍጻሜው ግን የሚለየውን የሌላ አገር ሰው አጠገቡ አቁሞ ማየት ይረዳል። ያም ሰው የበርማው አላውንግፓያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዘመን ሁሉ፥ የበርማውም ጭምር፥ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

በርማ፥ ዛሬ ምያንማር የምትባለው፥ ከሕንድ በስተ ምሥራቅ ያለች አገር ናት። ዓባይ ለግብፅ እንደ ሆነ ኢራዋዲ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ለእርስዋ ሕይወትዋ ነው፤ ከሰሜን ተራራ ወርዶ አገሪቱን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ወደ ባሕር ይገባል። ሕዝቡ ሩዝ አራሽ፥ ሃይማኖቱም የቡድሃ ነው። በላይኛው ወንዝ የበርማ ነገሥታት አቫ በምትባል ከተማ ይቀመጡ ነበረ፤ በታችኛው ወንዝ፥ በባሕሩ በኩል፥ ሞን የሚባል በቋንቋው የተለየ ሕዝብ ፔጉን ዋና ከተማው አድርጎ ይኖር ነበረ። የአቫ ነገሥታት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደከሙ ሄደው ትእዛዛቸው ከግንባቸው የማያልፍ ሆነ። ይህን ጊዜ የፔጉ ሰዎች ተነሥተው በ1744 ዓ.ም. አቫን ያዙ፤ ንጉሡንም ማርከው ወደ አገራቸው ወሰዱት። የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ የተማረ ሰው፥ ዘውዱ በጎንደር ተቀምጦ ሥልጣኑ በሌላ እጅ የነበረበትን ወራት አስቦ፥ የአቫን ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ያስተውለዋል።

ከአቫ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሞክሶቦ የምትባል መንደር ነበረች። በዚያም በ1707 ዓ.ም. በመስከረም የተወለደ አውንግ ዘያ የሚባል የመንደር ሹም ነበረ፤ ሹመቱ ከአባቶቹ የወረደ ነበረ እንጂ ከዚያ የሚበልጥ ማዕርግ አልነበረውም። አቫ ስትወድቅ የፔጉ መልእክተኞች ወታደር አስከትለው በየመንደሩ እየዞሩ የመገዛት መሐላ ያስምሉ ጀመር። ብዙዎቹ የመንደር ሹሞች ማሉ። አውንግ ዘያ ግን አልማለም። ከመሐላው ቀን በፊት መንደሩን በዘንባባ ግንድ አጥር አሳጠረ፥ በዙሪያውም ጕድጓድ አስቈፈረ፤ በአካባቢው ያሉትን 46 መንደሮች በቃል ኪዳን ከራሱ ጋር አንድ አደረገ። መሐላ ሊያስምሉ የመጡትንም ወታደሮች በመንገድ አድፍጦ መታቸው። በእነርሱ ፈንታ የመጣውን ሌላ ጦር፥ ከዚያም የሚበልጠውን በአጥሩ ላይ መለሰው። በዚያው በ1744 ዓ.ም. ንጉሥ ነኝ አለ፤ ቤቱም ኮንባውንግ ተባለ፤ መንደሩም ስሟ ተለውጦ ሽዌቦ ተብላ ዋና ከተማ ሆነች።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጥኖ የሚነገር ነው። በ1746 አቫን መለሰ። በ1747 ወደ ባሕሩ ወርዶ ዳጎን የምትባለውን ስፍራ ያዘና ስሟን ያንጎን አላት፤ ትርጓሜውም ጠብ አለቀ ማለት ነው። በ1748 ሲርያም የሚባለውን የባሕር በር ወሰደ፤ በዚያም ፔጉን ሊረዱ የመጡትን የፈረንሳውያን መድፎችና ጠመንጃዎች ማረከ፤ መድፈኞቹንም ለራሱ አገልግሎት አደረጋቸው። በ1749 ፔጉን ይዞ ከተማይቱን አጠፋት። ይህ የመጨረሻው ሥራ ጭካኔ የበዛበት ስለ ሆነ የሞን ሕዝብ ታሪክ አላውንግፓያን በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ለአንዱ አገር አባት የሆነ ለሌላው እሳት ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ላይ ሲቈጠር ከመንደር ሹምነት አገሪቱን እስከ መጠቅለል የፈጀበት አምስት ዓመት ያህል ነው።

ካሣም እንደዚሁ ከዳር የተነሣ ነው። የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን፥ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ነበሩ። አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ወደ ድህነት ወረዱ፤ ኋላ ጠላቶቹ ሁሉ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት ከዚህ የተነሣ ነው። ፊደልና ዳዊት በገዳም ተማረ። ከዚያም በአባቱ ወገን ዘመዱ በሆነው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ። ይህ ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በዚሁ ጠረፍ የግብፅን ጦር ድል አድርጎ የነበረ ሰው ነው። ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞት ደምቢያ በእቴጌ መነን እጅ ገባች፤ ካሣም የሚወርሰው ነገር ስላላገኘ ሸፍቶ ወደ ቈላ ወረደ።

እዚህ ላይ ስለ አገሩ አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ ሌላው የታሪክ ጸሓፊ ዘሎት ያልፋልና። የቋራና የመተማ ቈላ ሙቀቱና ንዳዱ የደጋን ጦር የሚያስፈራ ስለ ነበረ፥ አገሩን የማያውቅ አዛዥ በክረምት ሊገባበት አይደፍርም ነበረ። በመተማ በኩል ደግሞ የሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ወደ ሱዳን፥ ከሱዳንም ወደ ጎንደር ያልፍ ነበረ። ስለዚህ በዚህ ቈላ የሸፈተ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፤ መሸሸጊያና የመንገድ ገቢ። ሞክሶቦ የዘንባባ አጥር ያስፈልጋት ነበረ፤ ቋራ ግን አጥሯ ሙቀቷ ነበረ። ካሣም ከቀማው ለድኾች ገበሬዎች ገንዘብ እየሰጠ ማረሻ ግዙበት ይል እንደ ነበረ በጊዜው የተጻፈው ታሪክ ይነግራል፤ የቋራ ሰው ተከትሎት እስከ መጨረሻ የሄደው በፍርሃት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ ካሣን በጦር ማሸነፍ ቢያቅታቸው በጋብቻ ሊይዙት አሰቡ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ሰጡት። ይህም ቢሆን አልያዘውም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን በጦርነት ማርኮ በደምቢያ ላይ ሹመት አገኘ። በሚከተለው ዓመት፥ በመጋቢት 1840 ዓ.ም.፥ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ደበርቂ በሚባለው ስፍራ የሰፈረውን የግብፅ ጦር ገጠመ።

መምህሩ በዚህ ጦርነት ላይ ቢቈይ አያጠፋም፤ ካሣን ካሣ ያደረገው ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ሽንፈት ነውና። የካሣ ሰዎች በቁጥር ይበልጡ ነበረ፤ በድፍረትም አያንሱም ነበረ። ጠላት ግን ከምሽግ ውስጥ ሆኖ በሥርዓት እየተፈራረቀ ይተኵስ ነበረ፤ መድፍም ነበረው። ፈረሰኛውና ጦረኛው በጩኸትና በሩጫ ወደ ምሽጉ ሲጠጋ እንደ ቅጠል ረገፈ። ካሣ ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ከልቡ አልወጣም፤ አንደኛው በደመወዝና በሥርዓት የሚተዳደር ጦር፥ ሁለተኛው መድፍ ነው። ኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ አዋቂዎች ሰብስበው መድፍ ያስፈሰሱት፥ ሴባስቶፖል የተባለውንም ሰባት ሺህ ኪሎ ያህል የሚመዝን መድፍ በአዲስ መንገድ ወደ መቅደላ ያስጐተቱት፥ የዚህ የደበርቂ ትምህርት ፍሬ ነው። አላውንግፓያ መድፉን ከነመድፈኛው ማረከ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በአገራቸው ሊያስፈስሱ ፈለጉ። የኋለኛው አሳብ ይበልጥ የከበረ ነው፤ ነገር ግን ይበልጥ የዘገየ ነው።

ከደበርቂ በኋላ ካሣ ለጥቂት ዓመታት ለራስ ዓሊ ተገዝቶ ቈየና እንደ ገና ተነሣ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፥ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ የካቲት 5 ቀን፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው ቴዎድሮስ ብለው አነገሡት።

ስለ ስሙ ነገር ሁለቱ ሰዎች እጅግ ይመሳሰላሉ። በአገራችን ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ የተጻፈ ስለ ነበረ ሕዝቡ ይህን ስም ይጠባበቅ ነበረ፤ ካሣም ስሙን ለራሱ አደረገው። አውንግ ዘያም አላውንግፓያ ተባለ፤ ይኸውም ወደ ፊት ቡድሃ የሚሆን ማለት ነው፤ የእርሱም ሕዝብ ይጠብቀው የነበረ ስም ነበረ። ሁለቱም ከነገሡ በኋላ የትውልድ ሐረጋቸው ወደ ቀድሞ ነገሥታት ተቈጠረ፤ የአንዱ ወደ ጥንት የበርማ ነገሥታት፥ የሌላው ወደ ሰሎሞን። ሰይፍ ያገኘውን ዙፋን ጸሓፊው በሐረግ ያጸናው ዘንድ በየአገሩ የተለመደ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የደብዳቤው ነገር ነው። አላውንግፓያ በ1748 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለዳግማዊ ጊዮርጊስ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው በወርቅ ቅጠል ላይ የተጻፈ፥ 24 ቀይ ዕንቍ የተተከለበት ነበረ፤ በዝሆን ጥርስም ተከትቶ ተላከ። አሳቡም ለእንግሊዞች የንግድ ስፍራ እንደ ፈቀደላቸውና ወዳጅነት እንደ ፈለገ የሚናገር ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ደረሰ። ንጉሡ የጀርመኗ የሃኖቨርም ገዢ ስለ ነበረ፥ ወርቁን በዚያ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት አሳልፎ ላከው፤ መልስ ግን አልጻፈም። እስከ ዛሬም በሃኖቨር አለ፤ ምን እንደ ሆነ በትክክል የታወቀው 250 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። አላውንግፓያ መልሱን ሲጠብቅ ቈየ፤ ከዚያም እንግሊዞች ለጠላቶቹ ነፍጥ ይሸጣሉ ብሎ ስለ ጠረጠረ በ1752 ዓ.ም. በነግራይስ ደሴት የነበረውን የንግድ ሰፈራቸውን አስጠፋ።

ዐፄ ቴዎድሮስም በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ መልእክተኞች ልከው ወዳጅነት ሊያጸኑ እንደሚፈልጉ፥ ቱርክም መንገዱን እንደ ዘጋባቸው ገለጹ። ደብዳቤው በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ተላከ። ለንደን በደረሰ ጊዜ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ፤ መልስም አልተሰጠበትም። በጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ አንድ ወረቀት በሳጥን ውስጥ በመርሳት የአንድ መንግሥት ነገር ሲገለበጥ ማየት ቀላል አይደለምና። ንጉሡ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። የአላውንግፓያ ቍጣ በደሴት ላይ በነበረ ጥቂት የነጋዴ ሰፈር ላይ ወርዶ እንግሊዝ በዚያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጋር በጦርነት ተይዛ ስለ ነበረች ሳትበቀል ቀረች። የዐፄ ቴዎድሮስ ቍጣ ግን እንግሊዝ ከዳር እስከ ዳር በበረታችበት ዘመን ሆነ፤ ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከሕንድ ተሻግሮ መጣ። ዘመንን የሚመርጥ ሰው የለም፤ አንዱ ግን ይቀናዋል።

ነገር ግን የቴዎድሮስ ቤት ያልቆመው በናፒየር ምክንያት ብቻ ነው ማለት እውነቱን መጋረድ ይሆናል። ናፒየር መቅደላ ሳይደርስ መንግሥቱ ፈርሶ ነበረ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘው ነበረ፤ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፥ በትግራይም ካሣ ምርጫ ገንነው ነበረ። ንጉሡ የቀሳውስቱን ነገር ሲያስተካክሉ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ አሉ፤ የቀረውንም መሬት ለጦሩ ደመወዝ አደረጉት። የጦሩ ደመወዝ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም፤ ዘራፊ ወታደር ገበሬውን ከጠላት ይልቅ ይጎዳዋልና። ይሁን እንጂ የቀባቸውን ጳጳስ በመቅደላ አስረው በዚያው እንዲሞቱ ካደረጉ፥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ካስቃጠሉ በኋላ፥ በደረስጌ የተቀበሉትን ቅባት ማን ሊመሰክርላቸው ይችል ነበረ? አሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ በአፈጻጸሙ የሚሰናከል ገዥ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በቤታቸው ውስጥ ነበረ። አላውንግፓያ ከመንደሩ ሳይወጣ ያገባት ሚስቱ ስድስት ወንዶች ልጆች ወልዳለታለች። በ1752 ዓ.ም. ወደ ሲያም ዘምቶ ሳለ ታመመና ሲመለስ በመንገድ በ45 ዓመቱ ሞተ። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጁ 25 ዓመት ሆኖት በአገር ቤት እንደራሴ ሆኖ ይገዛ ነበረ፤ ሁለተኛው ከአባቱ ጋር በጦር ሜዳ ነበረ። አንድ ታላቅ የጦር አለቃ ወዲያው ሸፍቶ አቫን ቢይዝም፥ ትልቁ ልጅ ከብቦ አሸነፈው። ከልጆቹ ሦስቱ በየተራቸው ነገሡ፤ ሁለተኛው ልጅ በነገሠበት ዘመን፥ በ1759፥ የበርማ ጦር የሲያምን ዋና ከተማ አዩታያን ያዘ። ከወንድም ወደ ወንድም የሚሄደው ውርስ ኋላ በዘመዶች መካከል ደም ማፍሰሱ ባይቀርም፥ የቤቱ ምሰሶ ግን ከመጀመሪያው ቀን ብዙ ነበረ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የወደዷቸው ወይዘሮ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ልጅ ሳያስቀሩ ሞቱ። መሸሻ የሚባል ትልቅ ልጅ ነበራቸው፤ ነገር ግን ከሕግ ጋብቻ የተወለደ አልነበረም። ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ውቤ፥ ማለት በደረስጌ ካሸነፏቸው ከውቤ ልጅ፥ ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፥ እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ፤ ልጁ ገና ሰባት ዓመት መሙላቱ ነበረ። እንደራሴ የሚሆን ወንድም፥ በአገር ቤት ጦር ይዞ የሚጠብቅ ታላቅ ልጅ፥ የሚመሰክር ጳጳስ አልነበረም። ቋራ ሩቅ ነበረች። ዘውዱ ወደ ዋግሹም ጎበዜ፥ ከዚያም ወደ ትግራይ፥ ከዚያም በመቅደላ እስረኛ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ ሄደ።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ ሳይዛባ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ሦስቱም፥ ጠላቶቻቸው የነበሩት ሳይቀሩ፥ እንደ ዘመነ መሳፍንት ንጉሥ በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ሌላው ይግዛ አላሉም። ዐፄ ዮሐንስ ከገንዳ ውሃ በስተ ምዕራብ ባለችው በመተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት ጠረፉን ለመጠበቅ ራሳቸው ዘምተው ነው። የካሣ ሥጋዊ ዘር ዙፋን አልወረሰም፤ አሳቡን ግን ያልወለዳቸው ወረሱት። ተማሪዎች መሥራች ማን ነው ብለው ሲጠይቁ መምህሩ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው፤ ሽማግሌዎችም በዚህ ላይ የሚጨምሩት አያጡም።

የበርማውም ቤት ቢሆን ለዘላለም አልቆመም። እንግሊዞች ሦስት ጊዜ ወግተው፥ በ1878 ዓ.ም. በኅዳር የመጨረሻውን ንጉሥ ቲባውን ከቤተ መንግሥቱ አውጥተው በመርከብ ወደ ሕንድ አገር ወሰዱት፤ ቤቱ 133 ዓመት ቈይቶ ነበረ። ያንን ጦር የመራው አዛዥ ሃሪ ፕሬንደርጋስት ከ17 ዓመት በፊት በመቅደላ ዘመቻ ከመሐንዲሶች መኰንኖች አንዱ ነበረ። ቲባው ወደ አገሩ ሳይመለስ በራትናጊሪ ሞተ። ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲወርዱ በመንገድ ሞተው በጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ፤ መቃብሩ በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ነው።